ያለ ቦታው የገባ ማኅደር

ሦስቱ ካርዶች በካፖርቷ ግራ እጅጌ ገበር ውስጥ ነበሩ።

ካፖርቱን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ መንገዱን ተሻገረች። የምሳ ሰዓት ነው። የእግረኛው መንገድ ሞልቷል። ከጫማ መሸጫው መስኮት ፊት አንድ ሰውዬ ፌስታል ብብቱ ሥር ሸጉጦ ቆሟል። ትናንትም እዚያው ቆሞ ነበር። ጫማ የሚመርጥ ሰው ጫማ ያያል። እሱ የሚያየው የልብስ ሰፊውን በር ነው።

በአጠገቡ አለፈች። አልሮጠችም። የሚሮጥ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል።

የልብስ ሰፊውን በር ገፍታ ገባች።

«ገበሩ ተተርትሮብኛል፤» አለች። «ለነገ ይደርሳል?»

«ለነገ አይሆንም። ከነገ ወዲያ።»

«ከነገ ወዲያ ይዘንባል።»

«እንግዲያው አሁኑኑ ልጀምርልሽ።»

የይለፍ ቃሉ ተሟላ። ልብስ ሰፊው ካፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና መቀሱን አነሳ።

«ስምንት ወር ሙሉ አንድ ካፖርት፤» አለ ቀና ሳይል። «ሌላ ልብስ የለሽም እንዴ እህቴ?»

«ይበቃኛል።»

«ባል ቢኖርሽ ይታዘብሽ ነበር።»

«ለዚህ ነው ያላገባሁት።»

ልብስ ሰፊው ሳቀ። እሷም ፈገግ አለች። በዚያ ሳምንት ከሥራ ቦታዋ ውጪ ከሰው ጋር ያወራችው ይህን ብቻ ነበር።

በሩ ተከፈተ።

ሰውዬው ነው።

የልብስ ሰፊው እጅ እጅጌው ላይ ደረቀ። እሷ በዓይኗ መቀሱን ፈለገች። አንድ ክንድ ያህል ይርቃል።

ሰውዬው ፌስታሉን ፈታ። እጁን ከተተ።

ሱሪ አወጣ።

«ይቅርታ፣ ቁጭ ስል ተሰነጠቀብኝ፤» አለ ጆሮው ድረስ ቀልቶ። «ትናንትም መጥቼ ሴቶች ስለነበሩ አፍሬ ተመለስኩ።»

ልብስ ሰፊው በረዥሙ ተነፈሰ። «ወንድሜ፣ ሱሪ የማይሰነጠቅበት ማን አለ? አስቀምጠው።»

ካፖርቷን ትታ ወጣች። ውጪው ይበርዳል። 

*

በስለላ ቢሮው መዝገብ ስሟ «ላባ» ነው። በሥራ ቦታዋ ደግሞ አዲሷ መዝጋቢ። በሁለቱም ቦታ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱንም አጎቴ ትለዋለች፤ በስልክ ስትጠራው ማንም እንዳይጠረጥር የተሰጠው ስም ነው። ያሰለጠናት፣ የላካትና የሚያዛት እሱ ነው። ዕቃ ከሚያቀባብለው ልብስ ሰፊ በቀር ከቢሮው ሌላ ሰው አታውቅም። ልብስ ሰፊውም ስሟን አያውቅም።

የላካት ወደ ቤተ መዛግብት ነው። የትልልቅ ሰዎች ወረቀት ሌላ ቦታ ይቀመጣል። እዚህ የሚመጣው የተራው ሰው ነው፤ የጋብቻ ውል፣ የዳቦ ቤት የደንበኞች ዝርዝር፣ የወፍጮ ቤት ፈቃድ፣ አባት ለልጁ የጻፈው የቁጣ ደብዳቤ፣ የማን እንደሆኑ የጠፉ ፎቶግራፎች። ሰው ሲሞት ልጆቹ ቤቱን ያጸዳሉ። መጣል ያሳዘናቸው ወረቀት በካርቶን ታሽጎ እዚህ ይደርሳል።

ባለፈው ዓመት አንድ ሰዓት ሠሪ ሞተ። ሴት ልጁ አርባ አንድ ካርቶን አመጣች። የሠላሳ ዓመት የጥገና ካርድ ነው። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ የባለ ሰዓቱ ስም፣ አድራሻ፣ የሰዓቱ ዓይነትና ችግሩ ተጽፏል። ካርዶቹ በየሳምንቱ ተሰብስበው በስፒል ተሰክተዋል።

ሰዓት ሠሪው ግን ሌላ ሥራም ነበረው። በክፉው ዘመን ከድንበሩ ማዶ የሚያመልጡ ሰዎችን መልእክት ያስተላልፍ ነበር። ዘጠኝ ሰዎች ረድተውታል። እነዚያን ያሳድዱ የነበሩት፣ ማዶ ያሉት፣ እስከ ዛሬ አልረሱም። የዘጠኙን ስም ካገኙ ይገድሏቸዋል። ስማቸው ያለው ከካርዶቹ መካከል ነው።

«እንዴት እለያቸዋለሁ?» ብላ ነበር በመጀመሪያው ቀን።

«ችግሩ የሚለውን አንብቢ፤» አላት አጎቴ። «ዘጠኙ ላይ ‹ወደ ኋላ ይሄዳል› ይላል። ሰዓት ይቆማል፣ ይዘገያል፣ ይቸኩላል። ወደ ኋላ የሚሄድ ሰዓት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ስምንት ወር ፈጀባት። ዘጠኙንም አገኘች። ማዶ ያሉት ሳይደርሱበት ቢሮው ዝርዝሩን ያጠፋዋል፤ የተነገራት ይህ ነው። ሲወጣ ሁሉም ሰው ስለሚፈተሽ ሦስት ሦስቱን ማውጣት ነበረባት። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ወጡ።

*

የቤተ መዛግብቱ ኃላፊ እትዬ ትባላለች። ኃላፊ የምትባለው በደብዳቤ ላይ ብቻ ነው። ቀጭን፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ወረቀት ያለ ቦታው ያላስገባች ሴት ናት። ሕጓ ጥቂት ነው። ብዕር ክልክል ነው፤ እርሳስ ብቻ። የወረቀቱ ቅደም ተከተል አይነካም። የዛገ ስፒል ወረቀት ይበላልና ከተነቀለ አይመለስም።

በር ላይ ደግሞ ዘበኛው አለ። ቦርሳ እስከ ስፌቱ ስለሚፈትሽ ጋሽ ጉምሩክ ይሉታል።

«ጋሽ ጉምሩክ፣ ዛሬስ ምን አገኙብኝ?» ትለዋለች ስትወጣ።

«ብርቱካን።»

«ይቀረጣል?»

«ግማሹ ለመንግሥት ነው፤» ይልና እጁን ይዘረጋል።

ጠዋት ጠዋት ሥራው በጋዜጣ ይጀምራል። ስለ ከተማው የተጻፈ ሁሉ ይቀመጣል፤ የሞት ማስታወቂያም ጭምር። እትዬ ታነባለች፣ በመቀስ ትቆርጣለች። ላባ ሙጫ ቀብታ በትልቁ መዝገብ ላይ ትለጥፋለች። ካርዶቹን ካስረከበች በዘጠነኛው ቀን እትዬ አንዲት ትንሽ ማስታወቂያ ሰጠቻት። ጡረታ የወጣ የአምቡላንስ ሹፌር። ከደረጃ ወድቆ።

ሙጫውን ቀባች። ስሙን አነበበች።

እጇ ቆመ።

ስሙን ታውቀዋለች። በሰዓት ሠሪው እጅ፣ በሰማያዊ ቀለም ተጽፎ አይታዋለች።

«ምነው ልጄ፣ ሙጫው ደረቀብሽ?» አለች እትዬ።

«ቀጠነብኝ።»

አጋጣሚ ነው አለች ለራሷ። ሽማግሌ ከደረጃ ይወድቃል። በሁለተኛው ቀን እትዬ ሌላ ቁራጭ ሰጠቻት። የቀድሞ አስተማሪ። መኪና ገጭቶት፣ መኪናው አልተገኘም።

በምሳ ሰዓት ፖስታ ቤት ሄዳ የስልክ ክፍል ገባች።

«አጎቴ።»

«ጎበዝ ልጅ። ቀሪውን መቼ ነው?»

«ከካርዶቹ ሰው ሞቷል።»

«እና? ሁለት ሽማግሌ ቢሞት ምን ይገርማል? ዕድሜያቸው ነው። ስድስቱን አምጪ።»

ስልኩን ዘጋች። እጀታውን ግን አልለቀቀችውም።

ሁለት አላለችም ነበር።

*

እትዬ ምድር ቤት ጠራቻት። ጠረጴዛው ላይ ካርቶን አሥራ ዘጠኝ ተከፍቷል። ከፊቱ ሦስት የካርድ እሽጎች ተደርድረዋል።

«ነይ እስቲ ልጄ፣ ይህን እዪልኝ። ይህን ካርቶን ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«ስንት እሽግ አለው?»

«ሃምሳ ሁለት።»

«ከአርባ ዘጠኙ ስፒሉን ነቅለሻል። በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለሻል። ጥሩ ሥራ ነው። እነዚህን ሦስቱን ግን መልሰሽ ሰክተሻቸዋል። በድሮው ቀዳዳ። ፀጉር እንኳ ሳይዛነፍ።»



እጇ ነው የከዳት። የነካሽውን እንደነበረ መልሺ ተብላ ነው የሠለጠነችው። ካርድ ስትሰርቅ እጇ የሰላይ ሆነ፤ ስፒሉን እንደነበረ መለሰው። በሌላው ጊዜ ሁሉ እጇ የመዝጋቢ ነበር።

«መዝጋቢ የዛገ ስፒል መልሶ አይሰካም፤» አለች እትዬ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እጁ እምቢ ይለዋል። መልሶ የሚሰካው እንዳልነካ መምሰል የሚፈልግ ሰው ነው። ቆጠርኳቸው። ከየእሽጉ አንድ አንድ ካርድ ጎድሏል።»

ለእንዲህ ያለ ጊዜ ሦስት ነገር ተምራለች። መካድ። ማልቀስ። መሸሽ። በሩ ከኋላዋ ስድስት እርምጃ ነው።

«ሁለቱ ሞተዋል፤» አለች። «ዛሬ ጠዋት የለጠፍኩት ሁለተኛው ነው። ያዘዘኝ ሰው ዘጠኙን ሊያድናቸው መስሎኝ ነበር፤ ለካ ስማቸውን ለማዶዎቹ እየሸጠ ነው።»

እትዬ ወንበር ስባ ተቀመጠች። መነጽሯን ጠረገች።

«ሦስተኛው ማን ነው?»

ስሙን ነገረቻት። ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። እትዬ ወደ ላይ ወጥታ ስልክ ደወለች። ከታች ሆና ሰማቻት፤ «ዛሬውኑ ልጅህ ጋ ሂድ። አይ፣ ነገ አይደለም። ምድጃው ላይ ያለውንም ተወው።»

ስትመለስ፣ «ቀሪዎቹን አምጪያቸው፤» አለች።

ስድስቱ ገና ከየእሽጋቸው አልወጡም ነበር። አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። እትዬ አራተኛው ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይቺ እኔ ነኝ።»

«ስሙ ግን...»

«እናቴ ቤት ውስጥ ትጠራኝ የነበረበት ስም ነው። ሰዓት ሠሪው ጎረቤታችን ነበር፤ በሌላ አልጠራኝም። መልእክቱን በማኅደር ውስጥ እየከተትኩ አሳልፍለት ነበር። በዚህ ስም የሚጠራኝ ሰው ከሞተ ዓመት አለፈው።» ጣቷን አላነሳችም። «ጽፎ ያስቀምጣል ብዬ አላሰብኩም። ግን እሱ ሳይጽፍ የተቀበለው ሰዓት የለም። ለምዶበት ነው የጻፈን።»

ላባ በዚያ ክፍል ውስጥ ስምንት ወር ከዚህች ሴት ጋር ጎን ለጎን ሠርታለች። ሻይ ስታፈላ አብራ አፍልታላታለች። ስታስል መስኮት ዘግታላታለች። ሞቷን ደግሞ በእርሳስ ቁጥር ሰጥታ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣዋለች፤ በተራው ለማውጣት።

«ልለኩሳቸው?» አለች።

እትዬ እንደተሰደበች ቀና አለች። «እዚህ ቤት ወረቀት አይቃጠልም።»

«ስድስቱን ካላገኘ ሌላ ሰው ይልካል። ወይም ራሱ ይመጣል።»

«ይምጣ።» እትዬ ተነስታ ካርቶን አርባ አንድን ከመደርደሪያው ሳበች። «ስድስት ካርድ ነው የሚፈልገው? ስድስት ካርድ እንሰጠዋለን።»

በካርቶኑ ውስጥ ያልተጻፈባቸው ካርዶች ነበሩ፤ ሰዓት ሠሪው ለመጠባበቂያ ያስቀመጣቸው። እነሱም በስፒል ተሰክተዋል። ስፒሉ በሠላሳ ዓመት ዝጎ በየካርዱ ቀዳዳ ዙሪያ ቡናማ ቀለበት ሠርቷል።

«እጁን አውቀዋለሁ፤» አለች እትዬ። «ሠላሳ ዓመት ሲጽፍልኝ ኖሯል። ብዕር ስጪኝ።»

«እዚህ ብዕር ክልክል ነው።»

«ለዛሬ ብቻ።»

ስሞቹን ከትልቁ የሞት መዝገብ መረጠች። ስድስት ሰዎች። ሁሉም ከሞቱ ቆይተዋል።

«የሞተ ሰው ማንም አይገድለውም፤» አለች እየጻፈች። «ዘመድ የሌላቸውን ነው የመረጥኩት። በራቸው ቢንኳኳ የሚደነግጥ የለም። ማስታወቂያቸውን እንኳ ያወጣው ማዘጋጃ ቤቱ ነው።»

ላባ አጠገቧ ቆማ ስድስቱን ስሞች አነበበች። አንድ ቀን የእሷም እንዲህ ይወጣ እንደሆነ አሰበች። ደግሞ በየትኛው ስም?

እትዬ የመጨረሻውን ካርድ ጻፈች። ችግሩ፦ ወደ ኋላ ይሄዳል።  በሠላሳ አንድ ዓመት የመጀመሪያዋ ሐሰተኛ ሰነድ ናት። ላባም ስድስቱን ከአንድ እሽግ ጋር አድርጋ በዛገው ስፒል፣ በድሮው ቀዳዳ ሰካቻቸው።

*

በማግስቱ ላባ አጎቴ ጋ ስልክ ደወለች።

«ላወጣቸው አልቻልኩም። ፍተሻው ጠብቋል። እርስዎ እንደ አንባቢ ይምጡ። ካርቶኑን እኔ አቀርብልዎታለሁ።»



«ፈራሽ እንዴ?»

«አዎ።» እውነቷን ነበር።

ስሞቹን የሚገዙት ማዶ ያሉት ሳያስቸኩሉት አልቀሩም። በሁለተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መጣ። ግራጫ ባርኔጣ፣ ንጹሕ ጫማ፣ የጡረተኛ ረጋ ያለ አረማመድ። ለጋሽ ጉምሩክ መታወቂያውን አሳየ። ቅጹን ሞላ። የጥናቱ ርእስ፦ የእጅ ሙያ ታሪክ።

እሷ ካርቶኑን በጋሪ እየገፋች አመጣችለት። ሲያያት እንደማያውቃት ሆነ። በዚህ ጎበዝ ነበር። ምናልባትም በእርግጥ አያውቃትም።

«ስፒል የለበትም መሰለኝ፤» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«የሚፈልጉት እሽግ ላይ አለ። ገና አልተሠራም።»

እሽጉን ፈታ። ስድስቱን ለየ። አንዱን ካርድ አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው።

የጽሑፉን ቀለም አየ።

ገለበጠው።

ቀዳዳውን አየ።

ዝገትን እንዴት እንደምታነብ ያስተማራት እሱ ነው። አዲስ ቀዳዳ ነጭ ነው። ጽሑፍን መምሰል ይቻላል፤ ዓመትን መምሰል አይቻልም። እንዲህ ነበር የሚላት።

ካርዱን ወደ ዓይኑ አቀረበው። እሷ ጋሪውን ይዛ ቆማለች። ከክፍሉ ጫፍ እትዬ በእርሳስ አንድ ነገር ትጽፋለች። የእርሳሱ ድምፅ ይሰማል።

ቆመ።

አጎቴ በጥፍሩ ቀዳዳውን ነካ። ቡናማ ብናኝ ጣቱ ላይ ቀረ።

ፈገግ አለ።

«ጎበዝ ልጅ።»

የእርሳሱ ድምፅ ቀጠለ።

አሥር ደቂቃ ያህል ሌሎች ካርዶችን ያነበበ መሰለ። ከዚያ አመስግኖ ተነሳ። ስድስቱ በባርኔጣው ገበር ውስጥ ናቸው፤ እጁ እንዴት እንደሠራው አይታለች። ወደ በሩ ሄደ። ጋሽ ጉምሩክ ብድግ አለ።

«ቦርሳ የለኝም፤» አለ አጎቴ።

«ኪስዎን።»

ኪሱን አሳየ።

«ባርኔጣዎንም ጌታዬ።»

የአጎቴ ፊት አልተለወጠም። ቀኝ እጁ ግን ወደ ካፖርቱ ውስጥ ገባ። እጁ እዚያ ምን እንደሚይዝ ታውቃለች።

ጋሽ ጉምሩክ አምስት ልጆች አሉት። ብርቱካን ይወዳል።

«ጋሽ ጉምሩክ!» አለች ከክፍሉ ውስጥ፤ በዚያ ቤት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። «ቶሎ ይምጡ፣ ምድር ቤት ውኃ እየፈሰሰ ነው! ካርቶኖቹ!»

ዘበኛው እንደ ልጅ ሮጠ። አጎቴ እጁን ከካፖርቱ አወጣ። ለአንድ አፍታ ዞር ብሎ አያት። ባርኔጣውን በትንሹ አነሳላት።

ወጣ።

ሌባውን ያስመለጠችው እሷ ናት። ሐሰተኞቹን ካርዶች ይዞ ወጥቶ መሸጥ ነበረበት። ገዢዎቹ በሩን አንኳኩተው ሙታንን እስኪያገኙ ድረስ ጥቂት ቀናት ይፈጃል። ማዶ ያሉት ሲታለሉ ምን እንደሚያደርጉ እሱ ራሱ ነው ያስተማራት።

«የታለ ውኃው?» ይላል ጋሽ ጉምሩክ ከምድር ቤት እየጮኸ። «ደረቅ ነው እኮ! ቀልደሽብኝ ነው?»

*

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ እውነተኞቹን ስድስት ካርዶች በእጇ ይዛ ቆመች።

«ያለ ቦታው የገባ ወረቀት ሞተ ማለት ነው፤» አለች። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የፈራሁት ይህንን ነው። ስድስት ሺህ ካርቶን አለ። አንዱ ውስጥ ከገባ እኔም ካልተናገርኩ ማንም አያገኘውም። የት እንዳስገባሁት አንቺም አታውቂም።»

«ይሻላል።»

«የአንቺንም ማኅደር አብሬ አስገባዋለሁ።»

የቅጥር ማኅደሯን አነሳች። ፎቶግራፍ፣ ሐሰተኛ ዲፕሎማ፣ የስምንት ወር ባዶ የፈቃድ ቅጽ። አንድም ቀን ፈቃድ አልጠየቀችም ነበር።

«ማን ጋ ያስገቡኛል?»

«ደህና ቤተሰብ ጋ።» እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ልጅ የሚበዛበት። አንዲት ብትጨመር የማይታወቅበት።»

ላባ አንድ ነገር መናገር ፈለገች። የምትሰጣት ነገር አልነበራትም፣ ከአንድ ነገር በስተቀር።

«እትዬ፣ ስሜ እውነተኛው...»

«አትንገሪኝ።» እትዬ አፏን በመዳፏ ሸፈነችው። እጇ የወረቀት ሽታ አለው። «የነገሩኝን እጽፋለሁ። ለምዶብኝ ነው።»

ላባ ሁለቱን የሞት ማስታወቂያዎች ከትልቁ መዝገብ ላይ በእርሳስ ገልብጣ ኪሷ ከተተች። እትዬ አየቻት። በሩ ላይ ጋሽ ጉምሩክ ቦርሳዋን ከፈተ።

«ብርቱካን የለም ዛሬ?»

«ረስቼ ነው።»

«ነገ ሁለት ታመጫለሽ። ለውኃውም ቅጣት ጭምር።»

«እሺ ጋሽ ጉምሩክ።»

ልብስ ሰፊው ጋ አልሄደችም። ካፖርቱ እዚያው ቀረ።

*

የሚያውቃት የሌለበት ሌላ ከተማ። ማተሚያ ቤት ውስጥ የእርማት አንባቢ ሆናለች። ክፍሏ ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ወደ ግድግዳ ያያል። ጎረቤቶቿ «ዝምተኛዋ» ይሏታል። አዲስ ካፖርት ገዝታለች። ገበሩን አልነካችውም።

በሦስተኛው ሳምንት ጋዜጣ ላይ ሦስት መስመር አነበበች። ማንነቱ ያልታወቀ፣ ግራጫ ባርኔጣ ያጠለቀ ሰው ወንዝ ዳር ሞቶ ተገኘ። የሚያውቀው ሰው ለፖሊስ እንዲያመለክት ይጠየቃል።

አላመለከተችም። እፎይ ትላለች ብላ አስባ ነበር፤ አላለችም። ያ ሰው ስሟን ያውቅ ነበር። አሁን ማንም አያውቅም። ብትመለስም የምትመለስበት ቢሮ የለም፤ በቢሮው የሚያውቃት እሱ ብቻ ነበር።

አንዳንድ ቀን አውቶቡስ ስትጠብቅ የትኛው ቤተሰብ ጋ እንደገባች ታስባለች። ምናልባት የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፤ አሥራ አንድ ልጅ ነበረው። ምናልባት እነዚያ እህትማማቾች፤ ደብዳቤያቸው ሁሉ «ውድ እህቴ» ብሎ የሚጀምረው። በመካከላቸው የእሷ ፎቶግራፍ አለ። አንድ ቀን አንድ ተመራማሪ ያገኛትና ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት ይል ይሆናል።

ዛሬ የክፍሉ ኃላፊ አንድ የድሮ ረቂቅ ጠረጴዛዋ ላይ ጣለላት። ወረቀቶቹ በስፒል ተሰክተዋል። ስፒሉ ዝጓል። ሳታስበው በጥፍሯ ነቀለችው። ቀዳዳው ዙሪያ ቡናማ ቀለበት ቀረ።

መልሳ አልሰካችውም።

ከዚያ ጋዜጣውን አነሳች። የዚያ ከተማ ጋዜጣ እዚህ የሚደርሰው በሁለት ቀን ዘግይቶ ነው። የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። ሁለቱን ስሞች ከኪሷ አውጥታ አጠገቡ አስቀመጠች፤ ሁልጊዜ እንዲህ ታደርጋለች። የሞት ማስታወቂያዎቹን ከላይ እስከ ታች፣ ቀስ ብላ፣ አንድም ሳትዘል በእርሳሷ ጫፍ እየተከተለች አነበበች።

ሰባት ሰዎች ናቸው። የእትዬ ስም የለም። ቤት የወጣላትም ስም የለም።

«ዛሬም የለችም፤» አለች ለራሷ።

ጋዜጣውን አጥፋ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተች፤ ከትናንቱ በላይ፣ በቅደም ተከተሉ።